እኔን

ሐኪሟ እንደ ፀጉር የቀጠነች መርፌ በዘጠኝ ዓመት ልጄ በማኅደር ጆሮ ሰካች፤ ሌላዋን ደግሞ በእኔ ጆሮ፤ ሁለቱም እዚያው እንዲቀሩ።

«ሕመሙ አይጠፋም፤ ከአንዳችሁ ወደ ሌላችሁ ይዛወራል እንጂ» አለችኝ። «የሚወስደው ሰው ‹እኔን› ካለ ይበቃል።»

ይቺን ቃል ለማለት የትኛዋ እናት ትለመናለች? ማኅደር በተደናቀፈች ቁጥር ከአፌ የምትወጣ ቃል አይደለች!

«እኔን!» አልኩ። የልጄ የአጥንት ሕመም ጉልበቴ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ማኅደር በረንዳው ላይ ገመድ ትዘላለች። እኔም ሲብስብኝ ሬዲዮውን ከፍ አድርጌ አቃስታለሁ።

ዛሬ መብራት ጠፋ። ሬዲዮው ድንገት ዝም ሲል ማቃሰቴ ብቻውን ተሰማ። ማኅደር ገመዷን ጥላ እየሮጠች ገባች።

«እኔን፣ እማዬ!»

በሦስት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አላመመኝም።