እምቢ ያላት ኮድ

«ቀይ ነው እኮ!» አለ የፕሮግራመሯ አለቃ ከጥርሱ መሃል፤ ፊቱ ላይ ግን ለእንግዳዋ ያዘጋጀው ፈገግታ እንዳለ ነው። «ትናንት ሁሉም አረንጓዴ ነው አላልሽኝም?»

ብላው ነበር። አሁን ግን ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ትልቅ ስክሪን፣ ከላይ እስከ ታች ከተደረደረው አረንጓዴ መሃል አንዲት ቀይ መስመር ቁጭ ብላለች፤ ያውም ዓይን የምትወጋ። «የኤክስሬይ ማከማቻ ለውጭ ሰው ዝግ ይሁን፦ ተጥሷል» ትላለች።

ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጡት የሆስፒታሎቹ ተቆጣጣሪ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው መስመሯን አነበቧት። የበሽተኞቹ መረጃ ክላውድ በሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ይቀመጥ ወይስ አይቀመጥ የሚሉት እኚህ ሴትዮ ናቸው። አለቃዋም ጠዋት ኮሪደር ላይ ቁርጡን ነግሯታል፤ «ዛሬ እሳቸው ካልወደዱት ወደ ድሮው ሰንጠረዥ እንመለሳለን። ያንቺም ነገር በዚሁ ያበቃል» ብሎ።

የድሮው ሰንጠረዥ! ስሙን ስትሰማ ደሟ ይፈላል። እዚያ ላይ እያንዳንዱ የደህንነት መቆጣጠሪያ፣ ማለትም መሟላት ያለበት ደንብ፣ አንድ ረድፍ ነበር፤ ከጎኑ ደግሞ ሰው ያሻውን የሚጽፍበት ባዶ ሳጥን። «ተሠርቷል» ይላል አንዱ። «ከሞላ ጎደል» ይላል ሌላው። «እግዜር ያውቃል» ብሎ የጻፈም አልጠፋም፤ እውነቱን የተናገረው እንኳ እሱ ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ ሰብስባ ኮድ ውስጥ ያሻውን ቃል የማይቀበል፣ የራሱ ቅርጽ ያለው የዳታ ዓይነት አደረገችው። ባለቤት የሌለው መቆጣጠሪያ አይፈጠርም። ሲፈጠርም ወይ ተሟልቷል፣ ወይ ተጥሷል፣ ወይ ገና አልታየም፤ ሌላ ጨዋታ የለም። «ተሟልቷል» የሚባለው ማስረጃ ሲይዝ ብቻ ነው፤ ማስረጃውንም ሰው አይጽፈውም፣ ፈታሹ ፕሮግራም ክላውዱ ድረስ ሄዶ በዓይኑ አይቶ ያመጣዋል። ወራት ፈጀባት። የሰዉን ሥራ ሁሉ ቀይ ስለምትቀባ ባልደረቦቿ «እሜቴ ቀይ» የሚል ስም አወጡላት።

«በእጅሽ አረንጓዴ አድርጊው» አለ አለቃዋ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብሎ። «ኋላ ታስተካክይዋለሽ።»

«ጋሼ፣ እንደሱ እኮ...»

«ኧረ በናትሽ፣ አታዋርጂኝ!»

እውነቱን ለመናገር እሷም ጨንቋታል። ፈታሹ ተሳስቶ ይሆናል ብላ ራሷን አታለለች። ኪቦርዱን ሳብ አድርጋ፣ መስመሯን ፈልጋ፣ «ተሟልቷል» ብላ ጻፈችና እንዲሠራ አዘዘችው።

ኮዱ አልነሳም አለ። ግድግዳው ላይ፣ በትልልቁ፣ ያኔ ራሷ ጽፋ የረሳችው ቃል ብቅ አለ፦ «ያለ ማስረጃ ተሟልቷል አይባልም። ሄደህ እይ!» ከሥሩም፦ «ባለቤት፦ እሜቴ ቀይ»።

ፊቷ ጋለ። ወዲያው ግን ሳቅ አፈናት። በእንግዳ ፊት «እማዬ፣ እንደሱ አይደለም እኮ» የሚል ልጅ ያላት እናት መሰለች፤ ታፍራለች፣ ደግሞ አንስታ ልትስመው ያምራታል። «እሰይ የኔ አንበሳ!» አለች በሆዷ።

ክላውዱ ድረስ ሄዳ አየች። ማከማቻው እውነትም ወለል ብሎ ተከፍቷል። የከፈተችውም ራሷ ናት! ትናንት ለአለቃዋ ሁሉም ደህና ነው ካለችው በኋላ፣ ቀዩ ግድግዳው ላይ እንዴት እንደሚታይ ልትሞክር ከፈተችው፤ «ምሳ!» ብለው ሲጠሯት ብድግ ብላ ወጣች፤ በዚያው ረሳችው። ደግነቱ የልምምድ ማከማቻ ነው፤ ውስጡ ያሉት አጥንቶች የማንም አይደሉም።

«እኔ ነኝ የከፈትኩት» አለች ወደ ሴትዮዋ ዞራ። «ስለማመድ ከፍቼ ረሳሁት። የልምምድ ነው፣ የበሽተኛ ምስል የለበትም። አሁን ደግሞ ልሸፋፍነው ስል እምቢ አለኝ።»

አለቃዋ ዓይኑን ጨፈነ።

«ማነው እምቢ ያለሽ?» አሉ ተቆጣጣሪዋ።

«ኮዱ።»

«ኮዱን ማን ጻፈው?»

«እኔው።»

ሴትዮዋ ተነሥተው ጠረጴዛውን ዞሩና ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። «ገና አትዝጊው» አሉ። «እስቲ እንደገና ዋሺው።»

ዋሸችው። እምቢ አለ።

«እኔስ?» አሉና ፊደሉን በአንድ ጣት እየለቀሙ «በሚገባ ተሠርቷል» ብለው ጻፉ። እንዲህ የሚባል ነገር አላውቅም አለ። የባለቤቱን ስም አጠፉበት። ባለቤት የሌለው መቆጣጠሪያ የለም አለ። ያን ጊዜ ሴትዮዋ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ስንቱ አረንጓዴ ቀብቶ ጠብቆኛል መሰለሽ፣ ልጄ» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ። «የሠራውን ሰው እምቢ የሚል ኮድ ግን ገና ዛሬ አየሁ።» ከዚያ ወደ አለቃዋ ዞሩ። «እሺ ብያለሁ፤ መረጃው ክላውድ ላይ ይቀመጥ። ያንን ሰንጠረዥ ግን ከእንግዲህ እንዳያመጡብኝ።»

በኩራት ፈገግ ብላ እጅ ነሳቻቸው።

አለቃዋ ላቡን ጠርጎ ቆም አለ። «እኔንም እምቢ ይለኛል?» አለ።

«ይሞክሩት፣ ጋሼ።»

ጎንበስ ብሎ «ተሟልቷል» ጻፈ። እምቢ። እንደገና ጻፈ። እምቢ። ትንሽ አሰበና ከጎኑ «እባክህ» የምትል ጨመረባት። እሜቴ ቀይ ወንበሯ ላይ ደገፍ ብላ እጇን አጣጥፋ ታየዋለች፤ ግድግዳው ላይ ቀይዋ መስመር ንቅንቅ አላለችም።