ሃምሳ ሁለት ኪሎ

አማትየዋ ደክሟታል። ከንጋት ጀምሮ በሱቋ ድንችና ሽንኩርት ስትመዝን ውላ እግሯ አብጧል፤ አሁን ደግሞ የጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ምራቷ ስትመዘን ታያለች።

አዋላጅ ነርሷ ከሚዛኑ ቀና ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«ዛሬም ሃምሳ ሁለት። መጀመሪያ የመጣች ቀንም ሃምሳ ሁለት ነበረች፤ ባለፈው ወር ጭራሽ ቀንሳ ነው የመጣችው። እናት፣ አምስት ወር የሞላት ነፍሰ ጡር እንዲህ ባለችበት መቆም የለባትም። ምን ትበላለች?»

«ምን የማትበላው አለ? እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ምስሩን ከአፌ ነጥቄ ነው የማበላት።»

ምራቷ አንገቷን ደፍታ ጫማዋን ታስራለች።

«እንግዲያው ሰኞ ትምጣና ትተኛ፤ ሐኪም ይያት» አለች ነርሷ።

በመንገድ ላይ አማትየዋ የምታስበው የራሷን የመጀመሪያ ልጅ ነበር። ስትወለድ መዳፍ የማትሞላ ነበረች፤ ሳምንትም አልቆየች። ያንን ሁለተኛ የምትችልበት ጉልበት የላትም።

ነገሩ ከመነሻውም አላማራትም ነበር። ለመጀመሪያው ምርመራ ሲወጡ ምራቷ ሰፊው ሰማያዊ ቀሚስ ውስጥ ጠፍታ ብታያት ጊዜ፣ «ከሲታ ነሽ ካሉሽ ሰው የሚያማው እኔን ነው። አማቷ አታበላትም ይሉኛል። አደራሽን፣ ስሜን እንዳታስጠፊ» ብላታለች። ልጅቷም ሻሽ ረሳሁ ብላ በሱቁ በኩል ተመልሳ ገብታ ስለነበር ወረፋው አምልጧቸው ብዙ ቆሙ።

ያ ቀን መቼም የቀን ጎዶሎ ነው። ሲመለሱ ደግሞ የሁለት ኪሎው የሚዛን ብረት ከቦታው የለም። አማትየዋ እቃዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ጎረቤቷን ከሰል ሻጩን ሌባ ብላ ሰፈሩን ሁሉ ሰበሰበችበት። እስከ ዛሬ ሰላም አይባባሉም።

ቤት ሲደርሱ ከመስኮቱ ሥር የሚተኛው የሰፈር ውሻ ጭራውን ቆላ። አማትየዋ ቆም ብላ አየችው። በዚህ ሁለት ወር ጥጃ አክሏል።

«የማበስልልሽን ለዚህ ነው የምትሰጪው?»

«ኧረ እማማ፣ ሳህኑን ጠርጌ ነው የምበላው።»

«ታዲያ የት ገባ?»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። መንገዱን አሻግራ ከሰል ሻጩን አየችው፤ ከዚያ አፏን መልሳ ዘጋች።

«ዝም በይ፣ ግድ የለም። ለልጄም ነግሬዋለሁ፤ ሚስትህ ልጅህን እያስራበች ነው ብዬዋለሁ። እኔ በቃኝ።»

ልጅቷ እያለቀሰች ወደ ጓዳ ገባች። የዚያን ቀን ራቷንም ጠርጋ በላች፤ አማትየዋ ግን ፊቷን አዙራ ስለተኛች አላየችም።

ሰኞ ጠዋት ልጅቷ ገላዋን ስትታጠብ አማትየዋ ልብሷን ልትሸክፍላት ሳጥኑን ከፈተች። ደህና ልብስ አጣች፤ ቀሚሶቹ ሁሉ ሰሞኑን ሆዷ ላይ አልዘጋ ብለዋታል። ከሥር ሰማያዊው ቀሚስ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ ለብሳው አታውቅም። ሰፊ ነው፣ ይሆናታል ብላ ሳብ ስታደርገው ከበዳት።

እጇን ኪሱ ውስጥ ከተተች፤ የወጣው የሁለት ኪሎው ብረት ነበር።