ሌላም ስለ ቤተሰቡ ተናግሯል

«ሙሉ ስም?» አላት ሳጅኑ፣ ወንበሩን ስባ ሳትቀመጥ።

ነገረችው። ዕድሜዋን ጠየቃት፤ ነገረችው። ከሟች ጋር ያላትን ዝምድና ጠየቃት። ሚስቱ ነኝ አለች፣ የማያውቅ ይመስል። እሱ እያንዳንዱን መልስ በሌባ ጣቱ ባዶው ጠረጴዛ ላይ ይጽፋል። መስመር ሲሞላበት ጣቱን ወደ ግራ መልሶ ቀጣዩን ይጀምራል። እስረኛ መጠየቂያው ክፍል ውስጥ ወረቀትና እስክሪብቶ አይፈቀድም።

ሳምንቱን ሙሉ «አንተ» ብላ ልታናግረው ስትለማመድ ነበር የከረመችው። ልብስ ስታጥብም፣ አውቶብስ ስትጠብቅም፣ አንተ ባሌን የገደልክ እያለች በልቧ ስታዋርደው ሰንብታለች። አሁን ጀርባውን አቅንቶ፣ የእስረኛ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ሲጠይቃት ግን አፏ ከዳትና «እርስዎ» አለችው። በራሷ ተናደደች። ምን ታድርግ፤ በሩ ጋ የቆመው ዘብ እንኳ ማዕረጉ የተገፈፈውን ሰው ሳጅን እያለ ነው ያስገባው።

ሰውየውን ያስፈረደበት የገዛ እጁ ጽሑፍ ነው። ከሁለት ግብረ አበሮቹ ጋር ወርቅ ቤቱን ሊዘርፉ የገቡት ሱቁ ሊዘጋ ሲል ነበር። እሱ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ በዩኒፎርሙ ላይ የዝናብ ልብስ ደርቦ፣ ፊቱን በጨርቅ ሸፍኗል። የሱቁ ጥበቃ የነበረው ባሏ በሩን ሲዘጋባቸው ሳጅኑ ተኮሰበት። ሌሎቹ ወርቁን ይዘው ሲሮጡ እሱ ትንፋሽ አጥሮት ወደ ኋላ ቀረና ጨርቁን ከፊቱ ገፈፈ፣ የዝናብ ልብሱንም ከፈተ። መሬት ላይ የወደቀው ሰው ዩኒፎርሙን አየ።

«ደረሳችሁልኝ?» አለው።

ይኼኔ ሳጅኑን የአሥራ ስድስት ዓመት ልማዱ አሸነፈው። ቁጢጥ አለ፣ ደብተሩን አወጣ፣ ራሱ የመታውን ሰው ቃል ተቀበለ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ። ማን መታህ? ፊቱን የሸፈነ፣ ረዘም ያለ ሰው። ብታየው ትለየዋለህ? አልለየውም። ሰዓቱን ጽፎ ከግርጌው ፈረመ፤ ፖሊስ ሳይጠራ እዚያ እንደነበረ ያሳበቀበትም ይኸው ነው። የደብተሩ ገጾች ቁጥር ስላላቸው ቀዶ መጣል አልሆነለትም፤ ሰው መግደል ሳይከብደው ገጽ ማጉደል የከበደው ጉደኛ። ፍርድ ቤት ውስጥ ሲነበብ ዳኛዋ ሁለት ጊዜ አስቁማ መነጽሯን ጠርጋለች። ከዚያ ዕድሜ ልክ ፈረደችበት።

አሥራ አንድ መስመር ነው። የመጨረሻው «ሌላም ስለ ቤተሰቡ ተናግሯል» ይላል።

ሁለት ዓመት እንቅልፍ የነሳቻት ያቺ መስመር ናት። ባሏ የሞተው አኩርፏት ነዋ። በጀርባው ተኝቶ ማንኮራፋቱ አላስተኛት ሲል ትራሷን ይዛ ልጃቸው ክፍል ገባች፤ እሱም ተቀይሞ ደህና ዋይ ሳይላት መውጣት ጀመረ። ሦስተኛው ቀን ላይ በዚያው ቀረ። እሷ ዛሬም የምትተኛው ልጇ ጋ ነው።

«ስለ ቤተሰቡ ምን ነበር ያለው?» አለች።

ሳጅኑ ጣቱን ከጠረጴዛው አነሳ። ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት ስላልነበረው ሙሉውን አልመዘገብኩትም ብሎ አስረዳት፣ ለአዲስ ምልምል እንደሚያስረዳ ረጋ ብሎ። ሰው የሚያወራው ሁሉ ከተጻፈ ደብተር አይበቃም አላት።

«ታስታውሰዋለህ?» አንተ እንዳለችው እንኳ ልብ አላለችም።

«ቃል በቃል።»

ዓይኑን ጨፈነ። መጀመሪያ የመጣው ሳል ነው፣ አጭር፣ ደረቅ። ባሏ ነገር ሊጀምር ሲል የሚስላት ሳል ነበረች። ቀጥሎ የመጣው ድምፅም ባሏ በሚጎትተው ቦታ እየጎተተ፣ እሱ በሚያርፍበት እያረፈ ነው የተናገረው።

«ለሴትዮዋ ንገሩልኝ። ከልጅቷ ክፍል ትመለስ። ከዛሬ ጀምሮ በጎኔ ነው የምተኛው።»

ይህን ማንም አያውቅም። ለእህቷ እንኳ አልነገረችም፤ ለሰው የሚነገር ጠብ አልነበረማ። ደስ አላት። ከገዳዩ አፍ የወጣ ነገር ደስ ስላሰኛት ደግሞ ራሷን ጠላች። ዘቡን ዞር ብላ አየችው፤ ግድግዳውን ያያል።

«ከዚያስ?»

«ከዚህ ሌላ የምትጨምረው አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። የለም አለ።» አሁን ድምፁ የራሱ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደረስክልኝ አለኝ።»

ሳጅኑ ዓይኑን ገልጦ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ መለሰና የባሏን መልእክት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፈው፣ ቀስ ብሎ፣ ፊደሉን እያሳመረ። ሲጨርስ አነበበላት። ቃሉ ተነቦላት ትክክል መሆኑን አረጋግጣለች፣ የሚለውንም አብሮ አነበበ። ከዚያ በሁለት እጁ፣ ወረቀት እንደሚያዞር ሰው፣ ባዶው እንጨት ላይ የሌለውን ገጽ ወደ እሷ አዞረ።

«እዚህ ጋ» አላት፣ የምትፈርምበትን ቦታ በመዳፉ ጠረግ አድርጎ።

ዘቡ ሰዓቱ ማለቁን ተናገረ። ተነስታ መሄድ ትችል ነበር፤ ቦርሳዋም ትከሻዋ ላይ ነው። ግን የባሏ ቃል ከዚህ ሌላ ቅጂ የለውም።

አውራ ጣቷን ባሳያት ቦታ ላይ ተጫነች። እንጨቱ ይሞቃል።