ገመድ ያዥዋ

ሳንቃ የተጠፈረበት በርሜል ኩልፎ ወንዝ መሃል ግራና ቀኝ ይወዛወዝ ጀመር። የውሃ ምሕንድስና የምትማረው ወጣት የውሃ ፍጥነት መለኪያ ይዛ ላዩ ላይ ተንበርክካ ነበር። የበርሜሉን ገመድ ዳር ባለው የሾላ ግንድ አዙራ የያዘችው አያቷ ነበረች፤ ሌላ ሰው አላምንም ብላ።

«ውሃው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ይሄ ዕቃ ምን ሆኖ ነው የሚወዛወዘው?»

«ከጀርባው አዙሪት አለ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይስበዋል። እማማ፣ ገመዱን አላልተሽ ያዢው፤ ሲጠብቅ ይብስበታል!»

«አላልቼው ይውሰድሽ? እኔ በቁሜ?»

ክንዷ ላይ ጠቅልላ ሳበችው። ውዝዋዜው ሰፋ፤ እንደገና ሰፋ፤ በሦስተኛው በርሜሉ ልጅቷን ገልብጦ ጣላት። ድፍርሱ ውሃ እጇን አንዴ አሳየና ሸሸገው።

ዳር ላይ ልብስ ስታጥብ የነበረች ሴት ሮጣ መጥታ የአያትየዋን ትከሻ ያዘች። «እማማ፣ ይተዉት እንግዲህ፤ በርሜሉ ባዶ ነው።»

እሷ ግን ገመዱን ይበልጥ አጠበቀችው።