ዲስኩን የያዘው

መብራት ሄዶ ሲመጣ የክሊኒኩ ሊኑክስ ሰርቨር ተነሣ። በሆዱ የተሸከመውና የሕሙማኑን ካርድ የያዘው ቨርቹዋል ሰርቨር ግን አልነሣም አለ። ራሷን ስታ የተኛችው፣ ከሮብ ገበያ የመጣችው ወላድ የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማት የተጻፈው እዚያ ውስጥ ነው።

የክሊኒኩ የኮምፒውተር ባለሙያ ትሕትና የስህተቱን ምክንያት ፈልጋ አገኘች። «ዲስኩን ታዲዮስ ይዞታል፤ እሱ ካልለቀቀ አይነሣም፤ ያውም ከዚሁ ከኔ ኪቦርድ!»

«አንቺ በቦታው የተቀጠርሽው እሱን ቀብረን አይደል?» አለች ነርሷ ወለተ ሥላሴ።

«በቁሙም የያዘውን አይለቅም ነበር አሉ» ብላ ትሕትና ከሰርቨሩ አስወጣችው። ተመልሶ ገባ። ደግማ አስወጣችው፤ ገባ።

«ለምኚው እንጂ፣ አንቺ ግትር! ሴትዮዋ ልትሞት ነው!»

ማንንም ለምና የማታውቀው ትሕትና እጆቿን ከኪቦርዱ አነሣች።

«ጋሼ፣ ስለ ኪዳነ ምሕረት ይልቀቁልን።»

ማንም ያልነካቸው ቁልፎች አንድ በአንድ ወደ ታች ይሰምጡ ጀመር። ቨርቹዋል ሰርቨሩ ተነሣ፤ የወላዷ ካርድ ተከፈተ።