የመጋዝ ድርሻ

ከምነግራችሁ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ እዚሁ ድፍት ያድርገኝ!

መምህሩ በሰባት ዓመቱ የገባበትን ትምህርት ቤት ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አልለቀቀውም። ተማረበት፤ ለሥልጠና ወጣ ብሎ ተመለሰና አስተማረበት። እድገት ሲሰጡት እንቢ፣ ዝውውር ሲመጣለት እንቢ። ሰው ሁሉ "ትምህርት ቤቱን አፍቅሮ ነው" አለ። ያሰረውስ እፍረቱ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ ወጣ፦ ስድስት ሜትር ጣውላ ለአስር እኩል ቢቆረጥ የእያንዳንዱ ርዝመት ስንት ነው? ስልሳ ሴንቲ፤ ጡት ያልጣለ ሕፃን የሚመልሰው። ሁልጊዜ አንደኛ የሚወጣው የዛሬው መምህር ግን ያን ቀን ጭንቅላቱ እንደ ባዶ በርሜል ጮኸበት። አጠገቡ ከሚቀመጠው ከአናጢው ልጅ ወረቀት ላይ ገጹን እንዳለ ገለበጠ። የአናጢው ልጅ ለካ መጋዝ በየቁርጡ የሚበላውን ቀንሶ ኖሯል፤ ሃምሳ ዘጠኝ ሴንቲ ከምናምን ብሎ ጽፏል።

ሁለት ወረቀት፣ አንድ ስህተት። ርእሰ መምህሩ ሁለቱን አቁሞ "ማነው የገለበጠው?" ብሎ ሲጮህ የጣሪያው ቆርቆሮ ተነስቶ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ስህተት ከአናጢ ልጅ በቀር ማንም እንደማይሳሳት ያሰበ አልነበረም። አንደኛ የሚወጣው ልጅ ጫማውን እያየ ዝም አለ። የአናጢው ልጅ ተባረረ።

ተባራሪው የአባቱን መጋዝ ወረሰ። ክፍሎቹ በተዘጉ ቁጥር የተሰባበሩትን ወንበሮች ሊጠግን ይመጣል። ሦስት ሺህ እግር ቸንክሯል፤ ያላመነ ሄዶ ይቁጠር። መምህሩ የመዶሻ ድምፅ ሲሰማ በጓሮ በር ሹልክ ይል ነበር።

ጡረታ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ግን አናጢው ወደሚሠራበት ክፍል ገባ። ጆሮው ከመቅላቱ የተነሳ ሻይ ያፈላ ነበር።

"እንደምን ዋሉ፣ መምህር?" አለ አናጢው፣ ምስማር በከንፈሩ ይዞ።

"ኧረ አንቱታውን ተወኝ! አንድ ወንበር ላይ አልተቀመጥንም?"

"እርስዎ ቆዩበት እንጂ እኔማ ቶሎ ተነስቻለሁ።"

መምህሩ ያልተጠገነ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። "የገለበጥኩት እኔ ነኝ። አፌን የዘጋሁትም እኔ ነኝ። በየዓመቱ ያንን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጠመኔው እጄ ላይ ይሰበራል።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርክም?"

"ማን ይሰማኛል ብዬ? እርስዎ አንደኛ፣ እኔ አርባ ሁለተኛ።"

"በሞቴ፣ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። ነገ ይሸኙኛል፤ ያመሰግኑኛል። ይህን ይዤ እንዴት ብዬ እቆማለሁ?"

አናጢው ምስማሩን ከአፉ አወጣ። የመስኮቱ ጥላ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እስኪሻገር ያንኑ ምስማር ሲመታ ቆየ። በኋላ እጁን ዘረጋና "ይቅር ብዬሃለሁ። ሂድ፣ ጡረታህን በሰላም ብላ" አለው።

መምህሩ እንደ ሕፃን እያለቀሰ ወጣ።

ሁሉም እንደነገርኳችሁ ነው። ከራሴ የጨመርኩት አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ናት፦ ይቅር አላልኩትም።