የካፒቴኑ አየር

መምህርቷ ጆሮዋን ከፍሪጁ በር ላይ ለጥፋ «አሥራ ሰባት ሲባዛ በስድስት» አለች፣ ክፍል ውስጥ ተማሪ እንደምትጠይቅ።

«መቶ ሁለት» አለ ታናሽ ወንድሟ ከውስጥ። ድምፁ በወፍራሙ በር ታፍኖ ነው የሚመጣው።

ከሥጋ ቤት ለጥገና የመጣ አሮጌ ፍሪጅ ነው፤ በሩ ከውጭ እንጂ ከውስጥ አይከፈትም። ፍሪጅ ጠጋኙ ወንድሟ በገዛ ሱቁ እዚያ ውስጥ ከተቀመጠ ሦስት ሰዓት አልፎታል። ጣጣውን ያመጣው የቴሌቪዥኑ ካፒቴን ነው። በሚከታተሉት የጠፈር ድራማ ካፒቴኑ ማምለጫ ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ በአንድ ሰዓት አየር አልቆበት ሞተ። «ይሄማ ውሸት ነው» ብሎ ተነሣ ወንድምየው። ሣጥኑን ከምስሉ ላይ ለክቶ፣ ልኩን ፍሪጅ አገኘለት። እሷ ደግሞ ኦክስጅኑን አሰላችለት፤ አራት ሰዓት ያለ ችግር።

አሁን ሁለት መቶ አርባ የድራማው ወዳጆች በስልክ ቡድናቸው ውጤቱን ይጠብቃሉ። ባለፈው ወር ሲሞክር እሷ ሃያ ደቂቃ ላይ ፈርታ ስለከፈተችበት «ካፒቴን ሃያ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ዛሬ «ከከፈትሽ እህት የለኝም» ብሎ ነው የገባው። እልኸኛ ነው፤ ያለውን ያደርጋል።

አእምሮው መሥራቱን በየአሥር ደቂቃው በማባዛት ትፈትነዋለች። ሌላ አሥር ደቂቃ ሞላ። «አሥራ ሦስት በአራት?»

ቆየና «ሃምሳ... ቆይ፣ ሙቀቱ ነው» አለ። ትንፋሹ አምስት ፎቅ በእግሩ እንደወጣ ሰው ነው።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ።»

ስሌቷን አነሣች። በደቂቃ የሚስበው፣ በሰዓት የሚስበው፣ የሚቀረው፤ ሁሉም ልክ ነው። ሁለት ጊዜ ደመረችው፣ ያው ነው። የሚያስወጣው ትንፋሽስ? ክው አለች። ለሱ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈችም። የተቃጠለው አየር የትም አልሄደም፣ እዚያው አብሮት ተዘግቷል። የቴሌቪዥን ሰዎችን ስህተት ስትለቅም የራሷ እያረረባት ነው።

እጇ ወደ በሩ እጀታ ሄደና ቆመ። እህት የለኝም ብሏል።

«ሁለት በሁለት?» አለች።

«ደህና ነኝ» አለ።

«ሁለት በሁለት ስንት ነው አልኩህ፣ የእናቴ ልጅ።»

«ደህና ነኝ።»

እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እግሯን የፍሪጁ ጎን ላይ ተክላ ሳበችው። የበሩ ጎማ ተላቀቀ፤ ትኩስና እርጥብ ትንፋሽ ፊቷን መታት። ወንድሟ ከነደብተሩና ከነባትሪው ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ፊቱ ቀልቷል፤ ሸሚዙ ቢጨመቅ ባልዲ ይሞላል።

ብዙ ከተነፈሰ በኋላ ቀና አለ። «ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነበር የቀረኝ» አለ። «ደህና ነበርኩ። አእምሮዬ ንጹሕ ነበር፣ ሁሉንም ጽፌዋለሁ። በሰው ፊት አዋረድሽኝ።»

ደብተሩን ከመሬት አንሥታ በመጨረሻው ገጽ ከፍታ ሰጠችው።

የገዛ እጁን ጽሑፍ ሊያነብላት ደብተሩን ወደ ብርሃኑ አስጠጋው። አዞረው። መልሶ አዞረው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይንጫጫል፣ አንዳቸውም አላነሡትም።

«እትዬ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ወርዶ። «ይሄ ምን ይላል?»